ቁርጥ እሱን

የሸክላ ሠሪዋ እናት የልጇ አባት ወሬ በተነሳ ቁጥር ነገር ማስቀየስ ታውቅበት ነበር። «ሻዩ ፈላ እንዴ?» ትላለች። ወይም «ያንን መስኮት ዝጊው፣ ብርድ ገባ» ትላለች። ከዚህም ካለፈ ፈገግ ብላ «ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አልበቃሁሽም?» ትላለች፤ እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል። ልጅቱ ትንሽ ሳለች በዚህ መልስ ታኮርፍ ነበር። ካደገች በኋላ መጠየቁን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ ግን ጥያቄው ዞሮ መጣ፤ ያመጣውም ሥራዋ ነው።

ከጭቃ ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች። መጀመሪያ ስኒና ሳህን ትሠራ ነበር፣ ከዚያ የአበባ ማስቀመጫ፣ ኋላ ላይ የሰው ፊት። የምትሠራው ከእናቷ ቤት ብዙም በማይርቅ፣ ድሮ የመኪና ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ እስካሁን የዘይት እድፍ አለ፤ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ማቃጠያ ምድጃዋ ቆሟል፤ ግድግዳው ዙሪያውን መደርደሪያ ነው። የሰፈሩ ሰው «ቀዮ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና በእቅፍ ሳለች ነው፤ እናቷ ጠይም ሆና ወደ ጥቁር የምትጠጋ፣ እሷ ደግሞ ነጭ ለመባል ትንሽ የቀራት ነበረች። ክልስ መሆኗን ለማወቅ ማንም ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም። አባትየው ማን እንደሆነ የምታውቀው ግን እናትየው ብቻ ናት።

በከተማው መሀል ያለው የሥዕል አዳራሽ ኃላፊ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት፣ አንድ ቀን ጋራዡ ድረስ መጥታ መደርደሪያውን ስታይ ቆየች።

«የሰውን ሁሉ ፊት ሠርተሽ የራስሽን ሰዎች ለምን ተውሻቸው?» አለቻት። «ቤተሰብሽን ሥሪልኝ። ሙሉ አዳራሹን እሰጥሻለሁ።»

«የኔ ቤተሰብ እኮ አዳራሽ አይሞላም። እኔና እናቴ ነን።»

«አባት የለሽም?»

«ነበረኝ መሰለኝ።»

«እንግዲያው እሱንም ሥሪዋ» አለች ኃላፊዋ፣ ስኒ እንደ ማዘዝ አቅልላ፤ ከዚያ ስልኳ ጮኸና እያወራች ወጣች።

ቀዮ በእናቷ ጀመረች። አንድ ጊዜ በወጣትነቷ፣ ፀጉሯን በሥራ ጨርቅ ጠቅልላ፤ አንድ ጊዜ እንዳሁኑ፣ ከዓይኗ ሥር እብጠት ያለባት ሴት ሆና። ከዚያ ራሷን ሠራች፣ በልጅነቷና በዛሬዋ። እያንዳንዱን ጭንቅላት ውስጡን ባዶ አድርጋ፣ ጭቃውን በጥቅል በጥቅል እየደረበች ታቆመዋለች፤ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በላስቲክ ትሸፍነዋለች፤ ሲጠነክርላት ወደ እሳት ታስገባዋለች። አራቱ ከእሳት ሲወጡ በረድፍ ደረደረቻቸውና መሀላቸውን ባዶ ተወችው። የአባቷ ቦታ ነው።

እናትየው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ጨርሳ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ልቧ ደክሟል። ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳትወጣ፣ ጨው እንዳትበላ፣ እንዳትናደድ ነግረዋታል። «ሦስቱንም ከተውኩ ምኑን ኖርኩት?» ትላለች። ያን ቀን ቀዮ ስትገባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትሰፋ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ወሬ እንዳትለውጪብኝ።»

«አመጣሽው ደግሞ።»

«ፊቱን ብቻ ንገሪኝ። የት እንደሄደ አልጠይቅሽም፣ ለምን እንደሄደ አልጠይቅሽም። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስንት ዘመን ሆነው እኮ ልጄ። የራሴ ፊት ራሱ ጠፍቶብኛል።»

«ፎቶ እንኳን የለሽም?»

«የለኝም።» እንደ ማዘን ብላ አየቻት። «መስታወት ፊት ቁሚ። እኔን ከላይሽ ላይ አንሺኝ። የቀረው እሱ ነው።»

ይህን ያለችው ለመገላገል ነው። ልጅቱ ግን ቃሉን ይዛ ሄደች።

ቀዮ የራሷን ፊት ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈትሸው ነው የኖረችው። ዓይኖቿ የእናቷ ናቸው። አፏም፣ ጆሮዋም፣ የጉንጯ ክብነትም የእናቷ ነው። የእናቷ ያልሆነው ረጅሙ አፍንጫዋ ነው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ጉብ ይልና ወደ ታች ይወርዳል። ግንባሯም ወደ ፊት ገፋ ብሎ ዓይኖቿን ጥላ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ አገጯ ላይ ደግሞ በጣት የተጫኑት የሚመስል ስርጉድ አለ። አሥራ ምናምን ዓመት ሲሆናት ያን አፍንጫ እጅግ ትወደው ነበር። ከአባቷ የቀራት ርስት አድርጋ ነው የምታየው። መንገድ ላይ እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ፈረንጅ ካየች ዞራ ዞራ ታየዋለች፤ አንዴማ አንዱን ሽማግሌ ተከትላው መድኃኒት ቤት ድረስ ገብታለች።

እንዲህ ያለ ነገር ለእናቷ አይነገርም። እናቷ በበኩሏ የምታስታምመው ቁስል ነበራት። ልጇ ትምህርት ቤት የገባች ቀን የበሩ ዘበኛ ሁለቱን እያየ «እናቷ ለምን አልመጡም?» ብሎ ጠየቃት። ያን ሌሊት ሥራ አድራ ነበር፤ ደክሟታል፤ ለማስረዳት ጉልበት አልነበራትም። «ሥራ ላይ ናቸው» አለችው። ዘበኛው ደግ ሰው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላ ሥር ወንበር እየሰጠ ያስቀምጣታል፤ «እመቤትሽ እንዴት ናቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው?» ይላታል። እሷም «ኧረ ክፉ ናት! ሌሊት ሁሉ ታሠራኛለች» ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። አንደኛ ደረጃን እስክትጨርስ በዚያ በር እናቷ ሞግዚት ሆና ገባች፣ ሞግዚት ሆና ወጣች። ልጅቱም በሩ አካባቢ «እማዬ» ማለትን ማንም ሳይነግራት ተወች።

ቀዮ ቃሉን ይዛ ጋራዧ ስትገባ መስታወት አቆመችና ሥራ ጀመረች። የእናቷን አፍ ከፊቷ ላይ አውጥታ ቀጭን የወንድ አፍ አስገባች፤ ጉንጩን አጎደለች፤ አንገቱን አወፈረች። አፍንጫውን፣ ግንባሩንና ስርጉዱን እንዳሉ ተወቻቸው። ዕድሜ ጨመረችበት፤ ዛሬ ካለ ሽማግሌ ነውና። ጭቃው ሲጠነክር በላዩ ላይ ቀጭን ነጭ ጭቃ ልትቀባው አስባ ነበር፤ አባቷ ነጭ ነው። ግን እጇ ዘገየባት። መጀመሪያ እንዲሁ ይቃጠል፣ ነጩን በኋላ አየዋለሁ ብላ ወደ እሳት አስገባችው። ሲወጣ ጠይም ሆኖ ወጣ፤ ከአገሬው ጭቃ የተሠራ ነገር ሁሉ የሚወጣበት ቀለም ነው። መሀል ላይ አስቀመጠችውና እናቷን ልትጠራ ሄደች።

እናትየው ዳቦ በላስቲክ ይዛ፣ በየአጥሩ ጥግ እያረፈች መጣች። ገብታ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ከዳር ጀመረች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች ወጣቷን አይታ። «አንገቴን አሳጠርሽው። ያኔ አንገቴ ነበር ለብቻው የሚታየው።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«አሁንማ ተቃጠለ፤ ምኑን ታስተካክይዋለሽ?» እየሳቀች አንድ እርምጃ ተራመደች። መሀል ላይ ያለውን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

የዳቦውን ላስቲክ መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀረበች። እጇን አንስታ የሸክላውን ቅንድብ በአውራ ጣቷ ጠረገችው፣ አቧራ እንደሚጠርጉ።

«እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ ይቀመጥበት ነበር» አለች።

ቀዮ አገኘሁት አለች በሆዷ። ቀጥሎ ግን ነገሩ አልገጥም አላት። ስለ አባቷ የምታውቃት አንዲት ነገር ብትኖር ሆስፒታሉ ውስጥ የራጅ ማሽን ሊተክል የመጣ ባለሙያ መሆኑን ነው። «ሰጋቱራ ከየት ያመጣል? የማሽን ሰው አልነበረም እንዴ?»

«ማን ነው ያሳየሽ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከሸክላው ሳትነቅል። «ወንድሜ መጥቶ ነበር?»

«ማንም አላሳየኝም። አንቺ እኮ ነሽ መስታወት እዪ ያልሽኝ። አባቴ ነው።»

«አይደለም» አለች እናትየው። «አባትሽ አይደለም። አባዬ ነው። የኔ አባት።»

ቀዮ ወንበሩን አመጣችላትና እናቷ ተቀመጠች። ቀዮ አያት እንዳላት አታውቅም ነበር። «ዘመድ የለንም» ተብላ ነው ያደገችው፤ እሷም የሞቱ መስሏት አልፋዋለች። አሁን እናቷ፣ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ እያሻሸች፣ ያን ሁሉ ዓመት የዋጠችውን ነገረቻት።

የእናትየው አባት አናጢ ነበር፤ በር የሚሠራ። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የምታስኬድ ከተማ ውስጥ፣ ከፊት አውደ ሥራ ከኋላ ቤት ያለው። ሚስቱ ቀድማ ሞታበታለች። ሴት ልጁ ከተማ ሄዳ ሆስፒታል በመቀጠሯ ይኮራ ነበር፤ ለሰው ሁሉ ያወራል። ልጅቱ ግን ሕፃን ታቅፋ ተመለሰች። በዚያ ጠዋት እየላገ ነበር። መላጊያውን አስቀመጠና ቀረበ፤ ጨርቁን ከሕፃኗ ፊት ላይ ገለጠ። ረጅም ጊዜ አየ።

«መታኝ ብልሽ ይቀለኝ ነበር» አለች እናትየው። «አልመታኝም። አልተሳደበም። ‹ከኛ አንድም ነገር የላትም› አለና ገብቶ በሩን ዘጋው። ራሱ የሠራው በር ነው፤ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም። ይከፍተዋል ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አንቺ ታለቅሻለሽ። ወንድሜ በመስኮት ያያል፤ ልጅ ነው፤ ምን ያድርግ? የመጨረሻው አውቶቡስ ሊሄድ ሲል ተነሳሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው።»

እናትየው ሸክላውን እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቴ ነበር። ሲያድግ ሲያድግ እያየሁት አላስተዋልኩትም። ቀለምሽን ነው የማየው ለካ፤ እኔም እንደ ሰዉ።»

«የአባቴስ አፍንጫ?» አለች ቀዮ።

«የሱማ ትንሽ ነበረች። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል።»

«እና ከሱ ምኔ ነው?»

እናትየው አሰበች። ደህና አድርጋ አሰበች፤ አሁን ነገር ማስቀየስ አልፈለገችም። «ሲያፍር አንገቱ ይቀላ ነበር፤ ያንቺም ይቀላል። ሌላ እንጃ ልጄ። ዓይን አፋር ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ አይበላም፣ ቆሞ ነው የሚበላው። ውሻ ይፈራል። ማሽኑን ተክሎ ሲጨርስ ሄደ፤ ያኔ እኔም አንቺ መኖርሽን አላወቅኩም፣ እሱም አላወቀም። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እንዲያው መንገደኛ ነበር።»

ቀዮ መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። መድኃኒት ቤት ድረስ የተከተለችው ሽማግሌ ትዝ አላት፤ ለምን እንደሆነ ባታውቀውም አፈረች። የወደደችው አፍንጫ በሩን የዘጋባት ሰው አፍንጫ ሆነ። አባት ደግሞ፣ ያው የነበራት ያህል እንኳን፣ አሁን አልነበራትም።

እናትየው ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። «ልወስድለት እፈልጋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ይሄን። አንቺንም። ፊቱ ላቁማችሁና ‹አንድም ነገር የላትም አላልክም ወይ፣ እስቲ እያት› ልለው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከዚያ እመለሳለሁ።»

«በሕይወት አለ?»

«አባዬ? እሱ እኮ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው። ይኖራል።»

ታናሽ ወንድሟ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው አፈላልጎ የስልክ ቁጥሩን ልኮላት ነበር። ደውላለት አታውቅም። ያን ቀን ከሰዓት ደወለች። «እኔ ነኝ» አለች፤ ከዚያ ብዙ አላወራችም። ስልኩን ስትዘጋ «ነገ እመጣለሁ አለ» አለቻት ልጇን።

«ስለ አያቴስ ምን አለሽ?»

«አልጠየቅኩትም። ‹በስልክ አይሆንም› አለኝ።»

ከዚያ መጋረጃ ማውረድ ጀመረች። ሐኪሙ እንደሚቆጣ፣ እጇን ወደ ላይ እንዳታነሳ ቀዮ ብትለምናትም አልሰማችም። መጋረጃ አጠበች፤ ወለል ጠረገች፤ በማግስቱ አጎትየው በር ሲያንኳኳ ደህና ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣ ነበር።

አጎትየው ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ አባቱ ትቶት የሄደው አውደ ሥራ ውስጥ እሱ ነው የሚሠራው። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። የከፈተችለትን ሴት ሲያይ የያዘው ሰላምታ አፉ ውስጥ ቀረ። ትኩር ብሎ አያት። ቀዮ የሰው ዓይን የለመደች ናት፤ እንዲህ ዓይነቱን አስተያየት ግን አታውቀውም። የሚታየው ቀለሟ አልነበረም።

እህትና ወንድም ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ተቀመጡ። እናትየው ቀድማ ጠየቀች።

«መቼ ነው?»

«ሦስት ዓመት አለፈው፣ እትዬ። ክረምት ላይ ነው። ብዙም አልታመመ።»

እሷ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። «እና ሦስት ዓመት ሙሉ...»

«ብዙ ጊዜ ስልክ አነሳሁ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ ብትለኝስ እያልኩ፤ አልደፈርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተማ ልጅ ነበርክ።»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ። ኋላ ግን አልነበርኩም።»

ቀዮ ሻይ ቀዳች። ማንም አልጠጣውም። እናትየው እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ድምጿን እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣ «ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች።

አጎትየው ኮፍያውን አዟዟረው። «ይጠይቅ ነበር። መጨረሻ ላይማ ስምሽን ይጠራ ነበር። ‹መጣች ወይ› ይል ነበር።»

«ጎሽ» አለች እናትየው።

ቀዮ አጎቷን እስከ መንገዱ ሸኘችው። ጥጉ ጋ ሲደርሱ «እውነት ነው የነገሯት?» አለችው።

አንድ መኪና አለፈ። «አንዴ፣ እራት ላይ፣ ስሟን አነሳሁ» አለ። «ተነስቶ ወጣ፤ ምግቡን እንዳለ ትቶ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟ ተነስቶ አያውቅም። ሲሞትም አልተነሳም።» ኮፍያውን አደረገ። «ምን ልበላት ነበር ልጄ? ንገሪኛ፣ ምን ልበላት?»

ስትመለስ እናቷ እዚያው ቦታዋ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ ውሸት ድሮም አያውቅበትም» አለች እናትየው። «ሲዋሽ ያቺን ኮፍያ እንዴት እንዳደረጋት አየሻት? ተዪው። ለኔ ብሎ ነው።»

ከሳምንት በኋላ ወደዚያች ከተማ ሄዱ። ቀዮ አሁን ምን ያደርጋል ብላ ተከራክራ ነበር፤ እናቷ ግን መቃብሩን ማየት አለብኝ አለች። ሸክላውን በካርቶን አድርገው፣ በጋዜጣ ጠቅጥቀው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቀዮ ጭኗ ላይ ያዘችው። መንገዱ ጉድጓድ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው «የሚሰበር ዕቃ ነው?» ቢላቸው እናትየው «የሚሰብር ነው» አለችው፤ ሰውየው አልገባውም።

አጎትየው ከመናኸሪያው ተቀብሏቸው ወደ ቤት ወሰዳቸው። ግቢው ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ጣውላ ተከምሯል፤ ከፊት ያ በር አለ፣ ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ የሚታይ። እናትየው ግቢው መሀል ስትደርስ ቆመች። የወንድሟ ሚስት ወንበር ይዛ ወጣች፤ ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። ከእነሱ አንዷ፣ በጣም ያረጀች ሴት፣ በምርኩዝ እየተመራች ገባች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምታየው በጣም ተጠግታ ነው። መጀመሪያ ያገኘችው ቀዮን ነበር። እጇን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት፤ ከታች ወደ ላይ አየቻት።

«ይቺ የማን ናት?» አለች። «ቁርጥ አናጢውን።»

ካርቶኑ እስካሁን አልተፈታም፤ ሸክላውን ማንም አላየውም።

«እስቲ ይድገሙት እማማ» አለች እናትየው ቀስ ብላ።

«ቁርጥ እሱን ናት አልኩ። ያንቺም ጆሮ እንደ ዓይኔ ደክሟል እንዴ?» አሮጊቷ የቀዮን አገጭ ያዝ አድርጋ ስርጉዱን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይቺ እንኳን አልቀረቻትም። ልጁ ናት? ሌላም ሴት ልጅ ነበረችው?»

እናትየው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ደረጃው ላይ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጣ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የወንድሟ ሚስት ልታነሳት ስትል አጎትየው በእጁ ከለከላት። ቀዮ ካርቶኑን እንደያዘች ቆማለች፤ የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም። በዚያ ግቢ ይህን ቃል መስማት የነበረበት ሰው አንድ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።

መቃብሩ ከከተማው ዳር ነው። እናትየው ከልጇ ፈቀቅ ብላ ብቻዋን ቆመች፤ ብዙ አልቆየችም። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ቀዮ «ምን አልሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም። ደክሞኝ ነበር።» ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። «ልናገረው ያሰብኩት ብዙ ነበር እኮ። ሳየው ትንሽ አፈር ናት።»

አጎትየው ሸክላውን እዚያው ትተውለት እንዲሄዱ ለምኖ ነበር፣ አውደ ሥራው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው። እናትየው እምቢ አለች። «እሱ በሩን ዘጋብኝ፤ እኔ ግን ቤቴ አስገባዋለሁ» አለችው። እንዳለችውም አደረገች። ቡፌዋ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ቅንድቡን ትጠርግለታለች። አንዳንዴ ቀዮ ሳታንኳኳ ስትገባ እናቷ ስታወራው ትሰማለች፤ አንዳንዴ ቁጣ ነው፣ አንዳንዴ ተራ ወሬ ነው፤ ዝናብ ስለ መምጣቱ፣ ጎረቤት ስለ ዘጋው ቱቦ።

ኤግዚቢሽኑ ሲደርስ እናትየው ሸክላውን አላበድርም አለች። «እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ በዚህ ዕድሜው አዳራሽ ለአዳራሽ አይዞርም» አለች። ኃላፊዋ ተበሳጨች፤ የመሀሉ ማቆሚያ ባዶውን ቀረ። የመጡት ሰዎች ባዶውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጥልቅ ሐሳብ ነው አሉ። ቀዮ አላረመቻቸውም። እናቷ ደህና ቀሚሷን ለብሳ ከራሷ ምስል አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ ሸክላውን እያየ ሲያልፍ «ሁለት ሆኜ አፈርኩ እኮ» አለች። ቶሎ ስለ ደከማት ቀዮ በጊዜ ወደ ቤት ወሰደቻት።

ክረምቱ ሲገባ ልቧ ባሰባት። እግሯ አበጠ፤ ትንፋሿ አጠረ፤ ዕድሜዋን በሠራችበት ሆስፒታል ተኛች። አንሶላውን እየዳሰሰች «ይሄማ በደንብ አልታጠበም፣ ሳሙናው አልለቀቀም» ትላቸው ነበር አስታማሚዎቹን። አንድ ከሰዓት፣ ቀዮ ትራሷን ስታስተካክልላት፣ እጇን ይዛ ፊቷን ረጅም ጊዜ አየቻት። ቀዮ የአያቷን ፊት ፍለጋ መሰላት። እናቷ ግን «ፀጉርሽ ግን» አለች፣ «ከኋላ፣ አንገትሽ ላይ ያለችው፣ ቀለል ያለችው፣ እሷ የአባትሽ ናት። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።» በማግስቱ ጠዋት ሞተች። አጎትየው መጣና ቀበሯት።

ቀዮ ለብዙ ጊዜ ጭቃ አልነካችም። ጋራዡ ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት በላስቲክ የተጠቀለለው ጭቃ ጠርዙ ደርቆ ነበር፤ ውኃ አጠጥታ ለወሰችው። ምን እንደምትሠራ ሳትወስን ተቀመጠችና እጇ ትንሽ አፍንጫ ሠራ፣ ቁልፍ የምታክል። በዙሪያዋ ፊት አቆመችላት፤ ዓይን አፋር ሰው፣ ሲያዩት አንገቱ የሚቀላ፣ ቆሞ የሚበላ፣ ውሻ የሚፈራ። ከኋላ አንገቱ ላይ ቀለል ያለች ፀጉር በመርፌ ጫፍ ሳለችለት። ከንፈሩ ላይ ብዙ ቀን ፈጀች፤ ስለ ከንፈሩ የነገራት ሰው የለም። ደጋግማ አፍርሳ ሠራችው። በመጨረሻ አንዱን ተወችው፤ አደረቀችው፤ አቃጠለችው።

ከእሳት ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጥሩ ሥራ ነበር። አባቴን ይመስላል ወይ ብላ የምትጠይቀው ሰው ግን አልቀረላትም።